መክፈል ሳታቆሚ ነይ፦ ዕዳ ለከበዳት የጎንደር እህት ስለ ኪሳራ ሕግ የተሰጠ መልስ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ፒያሳ አካባቢ 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ሕንፃውን ባንክ ይዞታል። ኮሮና ሲመጣ ቱሪስቱ ቀረ፣ ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንዳሰብነው አልተነሳንም። እስካሁን በየወሩ እየተንገዳገድኩ እከፍላለሁ፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ግን የምችል አይመስለኝም። ለአልጋና ለፍራሽ አቅራቢ ቀኑን አስረዝሜ የጻፍኩለት ቼክ አለ። ከአንድ ግለሰብ በወር 5 በመቶ ተበድሬያለሁ። ዕቁብም ወጥቶልኝ ገና እየጣልኩ ነው። ሰባት ሠራተኞች አሉኝ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ‹ባንክራፕሲ አስገቢ፣ ዕዳው ይሰረዛል› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ መኪናውን በወንድሙ ስም እናዙረው እያለ ነው። የኪሳራ ሕጉ ተቀይሯል ሲባልም ሰማሁ። ምን ይሻለኛል? እታሰራለሁ?»

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ሐሳብ ልጀምር፤ እሱ ነገውኑ ሊፈጸም ይችላልና። መኪናውን አታዙሩት።

ሐሳቡ ከክፋት እንዳልመጣ ይገባኛል። ሰው ሲጨንቀው አንድ ነገር እንኳ ለልጆቼ ትትረፍ ይላል። ግን ሕጉ ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1995 ተበዳሪ ገንዘብ ጠያቂዎቹን ለመጉዳት ያደረገውን ነገር ገንዘብ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ከስሰው እንዲያስፈርሱ ይፈቅዳል። በኪሳራ መዝገብ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፍርድ ቤቱ መክፈል ያቆምሽበትን ቀን ሲወስን የዛሬን ቀን ብቻ አያይም፣ ወደ ኋላ ሄዶ ይቆጥራል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረገ ስጦታ፣ ያለ ዋጋ የተደረገ ሽያጭ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለአንዱ ዘመድ ብቻ የተከፈለ ዕዳ፣ ይሄ ሁሉ እየተነቀሰ ይወጣል። አዲሱ ሕግም ይህን ሐሳብ ይዞታል። ሊብሬው በወንድምየው ስም ቢሆንም መኪናው ተመልሶ ይመጣል፤ ወንድምየውም ፍርድ ቤት ይንከራተታል። ንብረት መደበቁ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ደንበኛ ነበረኝ። አበዳሪዎቹን በሽማግሌ ለምነን፣ አንድ ዓመት ሊታገሱት ተስማምተው ነበር፣ ወረቀቱ ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው ከአበዳሪዎቹ የአንዱ ጠበቃ የጭነት መኪናው ከአራት ወር በፊት በሚስቱ የወንድም ልጅ ስም መዞሩን ከመንገድ ትራንስፖርት አውጥቶ መጣ። እኔም አላውቅም ነበር። በዚያው ቀን ሁሉም ተነሱ። መኪናው ከዕዳው አሥረኛውን እንኳ አይሸፍንም ነበር፤ እምነቱ ግን ሁሉንም ይዞ ሄደ። አሁን የምነግርሽ ነገር ሁሉ የሚሠራው አበዳሪዎችሽ «ይቺ ሴትዮ ያላትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች» ብለው ካመኑ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። አዎ፣ ተቀይሯል። ለ61 ዓመት የሠራንበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል ተሽሮ በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሦስተኛ መጽሐፍ ተተክቷል። የድሮው ሕግ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ስለ ቼክ፣ ስለ ባንክ ሥራ፣ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገሩት ክፍሎቹ እስካሁን ሥራ ላይ ናቸው። ይሄን ያዢልኝ፣ ቼኩ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ለውጡ ምንድን ነው? የድሮው ሕግ ዋና ትኩረቱ የወደቀውን ነጋዴ ንብረት ሰብስቦ፣ ሸጦ፣ ለገንዘብ ጠያቂዎች ማከፋፈል ነበር። ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር የመስማማት መንገድ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፣ ነበረው። ግን ሰው ወደዚያ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ስለነበር ስምምነቱ የሚያድነው ነገር አይኖርም ነበር። በዚያ ላይ «ኪሳራ» የሚለው ቃል ራሱ ነጋዴውን ከፍርድ ቤት ያሸሸዋል። አዲሱ ሕግ ሐሳቡን ገለበጠው፤ መዳን የሚችል ንግድ መጀመሪያ ይዳን፣ የማይድነው ደግሞ በወጉ ይዘጋ ይላል። ለዚህም ሦስት በሮች ከፍቷል።

የመጀመሪያው በር ገና መክፈል ላላቆመ ሰው ነው። ችግሩ እየመጣ ነው፣ ይታየኛል፣ ግን እስካሁን እየከፈልኩ ነው ለሚል ነጋዴ። ማለት ላንቺ። በዚህ በር ስትገቢ ንግዱን የምታስተዳድሪው አንቺው ነሽ። ለአበዳሪዎችሽ የአከፋፈል ዕቅድ ታቀርቢያለሽ፣ ትደራደሪያለሽ፣ ከተስማሙ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል፤ ሲጸድቅ ሁሉንም ያስገድዳል። ሁለተኛው በር መልሶ ማደራጀት የሚባለው ነው። መክፈል ያቆመ ወይም በቅርቡ የሚያቆም፣ ንግዱ ግን ነፍስ ያለው ሰው የሚሄድበት ነው። እዚህ ላይ የፍርድ ቤቱ ቁጥጥር ይጠብቃል፣ አበዳሪዎችም ድምፃቸው ይጎላል። ሦስተኛው ራሱ ኪሳራው ነው። ያኔ ቁልፉን ከእጅሽ ይቀበሉሻል፤ ፍርድ ቤት የሚሾመው ባለአደራ ንብረቱን ይረከባል፣ ይሸጣል፣ ያከፋፍላል። ለአነስተኛ ነጋዴ ቀለል ያለ ሥርዓትም ተቀምጧል፤ ጠበቃሽ ማመልከቻውን ሲያዘጋጅ ያንቺ ንግድ እዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጀመሪያ ይይልሽ።

በሮቹ አንድ አይደሉም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ በእጅሽ ያለው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን መጠየቁ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወርቅ እየሸጠ፣ ከአራጣ እየተበደረ ለባንክ ይከፍላል፣ ሲያልቅበት የሐራጅ ማስታወቂያ ይዞ ይመጣል። ያኔ ምን ላድርግለት? አንቺ ሦስት አራት ወር አለኝ ብለሻል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ወርቅሽን እየሸጥሽ አታባክኚው።

የአክስትሽን ልጅ አትቀየሚው፣ ያለበትን አገር ሕግ ነው የነገረሽ። አሜሪካ ውስጥ ምዕራፍ 7 በሚባለው መንገድ ተራ ግለሰብም አመልክቶ ብዙ ዓይነት ዕዳ ይሰረዝለታል። ያም ቢሆን እዚያም እንደ ድሮው አልጋ በአልጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሕጋቸው ከጠበቀ ወዲህ የገቢ ሚዛን ይቀመጥለታል፣ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥም የብድር ምክር መውሰድ አለበት። የእኛ ሕግ ግን መነሻው ሌላ ነው። የኪሳራ ሕጋችን የነጋዴ ሕግ ነው። ደሞዝተኛ ሰው የቤት መግዣ ብድር ከበደኝ ብሎ የኪሳራ መዝገብ አይከፍትም። አንቺ ንግድ ፈቃድ ስላለሽ ትገቢያለሽ። ማመልከቻ ስላስገባሽ ብቻ ግን ዕዳሽ አይሰረዝም። ዕዳ የሚራዘመው፣ ወለድ የሚቀነሰው፣ ከዋናው ላይም የሚተውልሽ ነገር ካለ የሚተውልሽ በዕቅዱ ነው፣ አበዳሪዎች ሲቀበሉትና ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው። ዋሶችሽም ስምሽ ፍርድ ቤት ስለገባ ብቻ ነፃ አይወጡም። ዕቁቡ ላይ የፈረሙልሽ ሰዎች ካሉ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ከሌላ ሰው አይስሙት።

አሁን ወደ ቼኩ። እውነት ለመናገር ከዕዳሽ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

የባንክ ዕዳ አለመክፈል ወንጀል አይደለም። የግለሰብ ብድር አለመክፈል ወንጀል አይደለም። በቂ ስንቅ፣ ማለት በሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ፣ የሌለው ቼክ መጻፍ ግን ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ሆን ብሎ ያደረገውን ሰው በቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። በቸልተኝነት ከሆነም ቅጣት አለው። ጎንደር ገበያ ውስጥ ቼክ እንደ መያዣ ነው የሚሰጠው፤ «ቀኑን አርቄ ጽፌዋለሁ፣ እስከዚያ አይወስደውም» ይባላል። ይህ ስህተት ነው። ያ ያልተሻረው የድሮው የንግድ ሕግ ክፍል ቼክ በታየ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው ይላል። ቀኑን ለመጪው ሚያዝያ ብትጽፊውም ሰውየው ነገ ባንክ ይዞት ቢሄድ ነገ ይከፈላል። ገንዘብ ከሌለ ነገ ይመለሳል። ደረቅ ቼክ ሆነ ማለት ነው። የኪሳራ መዝገብ መክፈትሽ ደግሞ የወንጀል ክሱን አያቆምልሽም፤ ሁለቱ በየመንገዳቸው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት አቅራቢውን አግኚው። በስልክ አይሁን፣ ራስሽ ሂጂ፣ እሱ የሚያከብረውን አንድ ሰው ይዘሽ። ፍራሾቹ አሁንም አዲስ ናቸው? የተወሰኑትን መልሶ ይውሰድ። የቀረውን በጽሑፍ ውል አድርጉት፣ በየወሩ የሚከፈል ይሁን፣ ቼኩን ግን መልሶ ይስጥሽ። ዋናው ቼክ እጅሽ ሳይገባ ገንዘብ አትስጪ። «ቤት ጠፍቶብኛል፣ በኋላ እሰጥሻለሁ» ቢል እሺ አትበይ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይህን የምታደርጊው አሁን፣ ገና እየከፈልሽ ሳለ ነው። መክፈል ካቆምሽ በኋላ አንዱን ብቻ ለይቶ መክፈል ከላይ ያልኩሽን የመሻር ጣጣ ያመጣል።

«እታሰራለሁ?» ላልሽው የቀረው መልስ ይሄው ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። «ስላቃተው ብቻ» የምትለዋን አስምሪባት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ውስጥ ፍርድ የተፈረደበት ሰው እያለው አልከፍልም ሲል ስለመታሰር የሚናገሩ ድንጋጌዎች አሁንም አሉ። አቃተኝ ማለትና አልከፍልም ማለት ለዳኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚለያያቸው ወረቀት ነው፤ ያለሽን ሁሉ ዘርዝረሽ ያቀረብሽበት ወረቀት።

ባንኩ። ብዙ ሰው ባንክ ሳይከስሰኝ ምንም አያመጣም ብሎ ይተኛል። ባንክ መክሰስ አያስፈልገውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የያዘውን ንብረት ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ገዢ ከጠፋ ራሱ እንዲረከበውም ሕጉ ይፈቅድለታል። ፍርድ ቤት ሄደሽ «አትሽጡ» የሚል እግድ ማግኘት በዚህ አዋጅ ላይ በጣም ከባድ ነው። ባንኩ ሥርዓቱን ሳይከተል ከሸጠ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፣ ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ካሣ ቤት አይሆንም። አዲሱ የኪሳራ ሕግ ድርድሩ እስኪያልቅ የአበዳሪዎችን እጅ የሚይዝበት ጥበቃ አለው። ዋስትና የያዘ አበዳሪ ላይ ሲሆን ግን ክርክር መነሳቱ አይቀርም፣ ባንኩም ዝም ብሎ አይቀበለውም። ስለዚህ ማመልከቻሽ ውስጥ የሐራጁ እግድ በግልጽ፣ ለብቻው፣ ምክንያቱ ተጽፎ ይጠየቅ። መዝገብ ከፍቻለሁና በራሱ ይቆማል ብለሽ እንዳትተማመኚ።

ከዚያ በፊት ግን ባንኩን ራሱን ጠይቂ። ብድሩን እንደገና እንዲያመቻቹልሽ፣ እነሱ ሪስኬጁል የሚሉትን፣ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ደብዳቤሽ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማህተም ያለውን ቅጂ ያዢ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በቃል «አይዞሽ እናያለን» ቢልሽ አመስግኚው፣ ግን ደብዳቤውን አስገቢ። እምቢ ቢሉሽ እንኳ ያ ደብዳቤ በኋላ ለዳኛው መክፈል ሳላቆም መፍትሔ ፈልጌያለሁ የምትይበት ማስረጃ ነው። ሕንፃውን መሸጥ የግድ ከሆነም ከባንኩ ጋር ተስማምቶ ራስሽ ገዢ ፈልገሽ መሸጥና በሐራጅ መሸጥ ዋጋቸው አይገናኝም።

ያ በወር 5 በመቶ ያበደረሽ ሰው። በወር 5 ማለት በዓመት 60 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 ሰው ለሰው ሲያበድር ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፣ አራጣም በወንጀል ሕጉ ወንጀል ነው። አትክፈይው እያልኩ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ዕዳ ነው፣ ይከፈላል። ግን እስካሁን የከፈልሽውን ሁሉ ቁጭ ብለሽ ደምሪው፣ በእጅ የሰጠሽውንም፣ በቴሌብር የላክሽውንም። ዋናውን ከፍለሽ ጨርሰሽ ይሆናል። በዝርዝሩ ላይ እሱ የሚለውን ሳይሆን ሕጉ የሚያውቀውን መጠን ነው የምትጽፊው። ቢያስፈራራሽ ብቻሽን አታግኚው።

የሠራተኞችሽን ደሞዝ አታሳድሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው፣ እነሱም ካንቺ የባሰ የሚጨነቁ ቤተሰቦች አሏቸው። ግብርሽን ማሳወቅም አታቋርጪ፤ መክፈል ባትችዪ እንኳ አሳውቂ፣ ቅጣቱ በቅጣት ላይ እንዳይነባበር።

አሁን ስለ መዝገቡ ልንገርሽ፣ ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

የኪሳራ ጉዳይ የወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 15 ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሰጠው፤ ንግድሽ ዋና ቦታው ጎንደር ስለሆነ የምትሄጂው እዚሁ ነው። ክረምት ላይ ችሎት የሚዘጋበትን ጊዜም አስቢ። በነሐሴ የሚታዩት አስቸኳይ ነገሮች ብቻ ስለሆኑ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መዝገብ ልክፈት ብሎ መሄድ ጊዜ መጣል ነው።

ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ከሱ ጋር የሚያያዘው ነገር ግን ጠበቃ አይጽፍልሽም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። የገንዘብ ጠያቂዎችሽ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ስም፣ አድራሻ፣ መጠን፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ምን ዋስትና እንደያዘ። ዕቁቡም ይግባ፣ እህትሽ ያበደረችሽ ካለም ይግባ። «የቤተሰብ ነው» ተብሎ የሚዘለል ዕዳ ነገ ተደብቋል ይባላል። ካንቺ ላይ የሚጠየቀውን ብቻ ሳይሆን አንቺም የምትጠይቂውን ጻፊ፤ ያልከፈለ አስጎብኚ ድርጅት የለም? ለስብሰባ እንግዳ አሳድሮ ሂሳቡን ያላወራረደ መሥሪያ ቤት የለም? ይሄ ገንዘብ ነው። ከዚያ ንብረቱ፤ ካርታው፣ መኪናው፣ ጄኔሬተሩ፣ አልጋው፣ የቡና ማሽኑ ሳይቀር። የሂሳብ መግለጫ ቢያንስ የቅርብ ዓመታቱ። ንግድ ፈቃድ፣ ምዝገባ፣ የግብር ወረቀቶች፣ የብድር ውሉ፣ የሠራተኞች ስም ዝርዝርና ያልተከፈላቸው። በመጨረሻም ለምን እዚህ እንደደረስሽ የሚተርክ አንድ ሁለት ገጽ፤ ልቅሶ ሳይሆን ቁጥር ያለው። በ2011 ጥር ስንት ክፍል ተይዞ ነበር፣ በ2013 ስንት፣ በ2016 ስንት። የእንግዳ መዝገብሽ ደብተር ከጠበቃ ንግግር በላይ ይናገራል።

ደብተር አልያዝኩም እንዳትዪኝ ብቻ። ካልያዝሽ ከዛሬ ጀምረሽ ያዢ፣ ያለፈውን ደግሞ ከባንክ ስቴትመንትና ከደረሰኝ ለቃቅመሽ አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ይሥራልሽ። በኪሳራ ጉዳይ መዝገብ የሌለው ነጋዴ እንደ ደበቀ ሰው ነው የሚታየው። ባትደብቂም።

ዕቅዱን ስትሠሪ የጎንደርን ዓመት አስቢ። ባንክ የሚያውቀው በየወሩ እኩል የሚከፈል ነው። ፔንሲዮን ግን በየወሩ እኩል አያገኝም። ለጥምቀት ክፍል ጠፍቶ ሰው ኮሪደር ላይ ፍራሽ እስኪለምን ይደርሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አሥራ አራቱ ክፍል ዝም ይላል። ያኔም እኩል ክፈይ ከተባልሽ ለባንክ ለመክፈል ከአራጣ ትበደሪያለሽ፣ አሁን የሆንሽውም ይህንኑ ይመስለኛል። ስለዚህ ዕቅድሽ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከፍ ያለ፣ በክረምት ወለድ ብቻ ወይም በጣም ዝቅ ያለ ክፍያ ይሁን። የመጀመሪያውን ስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ ጠይቂ። ከቱሪስት ውጪ ምን ገቢ እንዳሰብሽም አሳይ። ታማሚ ይዘው ከገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚመጡ ቤተሰቦች ማደሪያ ይፈልጋሉ፣ ለምረቃ የሚመጣ ወላጅ አለ። የምድር ቤቱን ለሱቅ ማከራየትስ? መኪናውን ደግሞ በግልጽ ሽጪውና ገንዘቡን በዕቅዱ ውስጥ አስገቢው። ለወንድምየው ተዛውሮ ሁሉን የሚያፈርሰው መኪና፣ በገበያ ዋጋ ተሽጦ የመጀመሪያ ክፍያ ሲሆን አበዳሪን ያሳምናል።

ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ወደ ሦስተኛው በር ቢኬድስ? ከባድ ነው፣ አልሸሽግሽም። የንብረቱ አስተዳደር ከእጅሽ ይወጣል። ፈቃዱ በግል ስምሽ ስለሆነ የንግዱና የግል ንብረትሽ አይለይም፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ብትሆኚ ኖሮ ይለይ ነበር። ለትዳሩ ጥቅም የገባ ዕዳ ደግሞ የጋራ ንብረቱንም ይነካል። ግን የሚያሳድድሽ አበዳሪ በየፊናው መክሰሱን ያቆማል፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይሰለፋል፣ ዋስትና በሌለው ዕዳ ላይ ወለድ መቁጠሩም ያቆማል። ሰው ዕራቁቱን አይወጣም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 በፍርድ አፈጻጸም የማይነኩትን ዘርዝሯል፦ የቤተሰቡ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ለሙያ የሚያስፈልግ መሣሪያ፣ ለሦስት ወር የሚሆን ቀለብ።

ይህንን የምጽፈው ስላንቺ ብቻ አይደለም። ከማራኪ እስከ አዘዞ ስንት ሰው በሩን ዘግቶ በዚህ ሐሳብ ሲብሰለሰል እንደሚያድር አውቃለሁ። እዚህ አገር «ከሰረ» ሲባል የሰውየው ገንዘብ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ያለቀ ይመስላል። ለልጅ ጋብቻ ሲጠየቅ እንኳ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ሲታመሙ፣ ከተማ ጥለው ሲጠፉ፣ ከዚያም ሲብስ አይቻለሁ። የኮሮናን ዓመት አንቺ አላመጣሽውም። የሰላሙን እጦትም አንቺ አላመጣሽውም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን ማመልከቻሽ ላይም በዚሁ ቃል ይጻፍ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ዳኛውም አበዳሪውም በንዝህላልነት የወደቀውንና በዘመን የተመታውን ይለያሉ።

የጠበቃ ገንዘብ ካሳሰበሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው፣ አቅም ለሌለው ሰው ነውና ሁኔታሽን ይጠይቁሻል። ቢያንስ ወረቀትሽን አይተው የቱ በር እንደሚሆንሽ ይነግሩሻል።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ይኸው ነው። ነገ የፍራሹን ሰውዬ አግኚና ቼኩን አስመልሺ። ባለቤትሽን ይህን መልስ አስነብቢው። ለባንኩ ደብዳቤውን ጻፊ። ቅዳሜ ሲመሽ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ የገንዘብ ጠያቂዎቹን ዝርዝር አንድም ሳይቀር ጻፉ፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ የምታፍሩበትንም። እሱ ካለቀ በኋላ ወደ ጠበቃ ሂዱ።